ሰባት ዓመት ያልተቀዳ ውሃ

የእኅቴን ባል የከተማው ሰው ሁሉ «ጋሽ ሰዓት» ይላቸው ነበር። ስሙን ያወጣላቸው በሐይቁ መንገድ ጥግ ላይ ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ጠዋት ለአሥራ ሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሱቁ ፊት ያልፋሉ፤ ከሰዓት በኋላ ለዘጠኝ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደግመው ያልፋሉ። ፀጉር አስተካካዩ የግድግዳ ሰዓቱ በቆመ ቁጥር እሳቸው እስኪያልፉ ጠብቆ ይሞላው ነበር። «የእኔ ሰዓት ባትሪ ይጨርሳል፤ እሳቸው ግን አይጨርሱም» እያለም ደንበኞቹን ያስቅ ነበር።

ሥራቸው የአየርን ጠባይ እያዩ መመዝገብ ነበር። ከከተማው ዳር በሽቦ የታጠረ ትንሽ ግቢ አለ። በግቢው መካከል በአራት እግሮች የቆመ፣ ጎኑ ነፋስ እንዲያሳልፍ ተሰንጥቆ የተሠራ ነጭ ሣጥን አለ፤ የአየሩ ቴርሞሜትር የተሰቀለው በእሱ ውስጥ ነው። ከሣጥኑ ጎን የዝናብ መለኪያው ቆርቆሮ ተተክሏል። ከአጥሩ ሥር ደግሞ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበርና አንድ መደርደሪያ ብቻ የምትይዝ ክፍል ነበረች። ጋሽ ሰዓት በዚያች ክፍል ሠላሳ ዓመት ተቀምጠዋል። ከወንበሩ አራት እግሮች ሁለቱን ራሳቸው በሽቦ ጠግነዋቸዋል። እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጹ ነበር፤ የቁጥራቸውም አጣጣል እንደ ተማረ ሰው ጽሑፍ የጠራ ነበር።

ሦስተኛው መለኪያ ግን በግቢው ውስጥ አልነበረም። የሐይቁን ውሃ ሙቀት ለማወቅ ከግቢው ወጥተው፣ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ተራምደው፣ ወደ ሐይቁ በሚዘልቀው የእንጨት መረማመጃ እስከ ጫፉ ድረስ መሄድ ነበረባቸው። እርምጃውን በመጀመሪያው ሳምንት ቆጥረውታል። ከጫፉ ላይ ባልዲውን በገመድ ወደ ጥልቁ ይሰዳሉ፤ ሞልቶ ሲወጣ ቴርሞሜትሩን ይነክሩበታል፤ መስታወቱ የውሃውን ሙቀት እስኪይዝ ድረስ ቆመው ይጠብቃሉ። መመሪያው «እስከ ስድሳ ቁጠር» ይል ነበር። እሳቸው ግን መቁጠሩን ትተው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው የያዟትን አጭር ጸሎት ሁለት ጊዜ ይደግሙ ነበር። ጸሎቷ ስታልቅ ስድሳውም ይሞላል። «ደመወዝ እየተከፈለኝ በቀን ሁለት ጊዜ እጸልያለሁ» ብለው አንድ ቀን ሲነግሩኝ ፊታቸው በደስታ ያበራ ነበር።

የዚህን ነገር ፍሬ ለመረዳት ግን የውሃን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። እግዚአብሔር ለውሃ የሰጠው ጠባይ ለአየርም ለድንጋይም ከሰጠው የተለየ ነው። አየር ፀሐይ ስትወጣ ይሞቃል፤ ስትጠልቅ ሙቀቱን ጥሎ ይሄዳል። ቀን እግር ያቃጠለ ድንጋይም ሌሊቱን አይሻገርም፤ ይበርዳል። ውሃ ግን አይቸኩልም። ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ የተቀበለውንም ቀስ ብሎ ይመልሳል። የሞቃቱን ወራት ፀሐይ በሆዱ ይዞ እስከ ብርዱ ወራት ያደርሳታል። ስለዚህም በውርጭ ጠዋት ሐይቁ ከፊቱ ላይ ጉም ያጨሳል። ከዳርቻው ጀምሮ እስከ ባቡር ሐዲዱ ድረስ የተተከሉት የብርቱካንና የሎሚ ዛፎች በዚያ ትንፋሽ ውስጥ ያድራሉ። ከሐዲዱ ማዶ ያለው ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ ሲነጋ፣ ከሐዲዱ ወዲህ ያለው ጤዛ ብቻ ለብሶ ይነጋል። ሦስት መቶ ያህል አባወራዎች በዚያች በሐዲዱና በውሃው መካከል ባለች መሬት ይኖራሉ።

ጋሽ ሰዓት ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ አልነበረም። በብርድ ጠዋት ጓንታቸውን አውልቀው እጃቸውን ባልዲው ውስጥ ይነክሩ ነበር። የደነዘዘው ጣታቸው የሚፍታታውና እርሳስ የሚይዘው እዚያ ውስጥ ቆይቶ ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው በመጀመሪያዎቹ ሃያ ሦስት ዓመታት ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። ሳይደብቁ እንድጽፈውም ፈቅደውልኛል።

በሃያ ሦስተኛው ዓመት መጨረሻ፣ ዝናብ በበዛበት ሰሞን፣ ጠዋት ለክተው በመረማመጃው ላይ ሲመለሱ እርጥብ ሳንቃ አንሸራተታቸውና ወድቀው ጉልበታቸውን ተጎዱ። ሐኪሙ ብዙ እንዳይራመዱ አዘዛቸው። የሚተካቸው ሰው እንዲላክ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፉ፤ መልስ አልመጣም። በወደቁበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን፣ ጉልበታቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በትር ተደግፈው ወደ ግቢው ሄዱ። አየሩ ሃያ አንድ ዲግሪ ነበር። በመዝገቡ ላይ የውሃው ረድፍ ባዶ ሆኖ ቆመባቸው። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ባዶ ቦታ ትተው አያውቁም። ከሰዓት በኋላ ውሃው ከአየሩ ቀዝቀዝ እንደሚል ያውቃሉና «ሃያ» ብለው ጻፉ። አንድ ቀነሱ። በልባቸውም፣ «በአንዲት ቁጥር የሚጎዳ ማን አለ?» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት አየሩ ስምንት ነበር። ሰባት ብለው ጻፉ።

ስሕተቱ ይህ ነው። በጠዋት ውሃው ከአየሩ እንደሚሞቅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው በዚያ ከተማ አልነበረም። «እጄ ያውቅ ነበር፤ እርሳሴ ግን እጄን አልጠየቀም» አሉኝ። የትናንቱ ቁጥር ከላዩ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ስለነበር፣ እሱን የሚመስል ቁጥር ከሥሩ አስቀመጡ።

ጉልበታቸው በሁለት ወር ዳነ። ታዲያ ለምን አልተመለሱም? ይህን እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። እንዲህ መለሱልኝ፦ በዳኑ ጊዜ መዝገቡን ገልጠው አዩት፤ የሁለት ወሩ ረድፍ ያለ እንከን ይወርድ ነበር። እውነተኛውን ቁጥር ቢጽፉ ውሃው በአንድ ሌሊት በስምንትና በዘጠኝ ዲግሪ የዘለለ ይመስላል። ዋናው መሥሪያ ቤት «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ መዝገቡ እንዳይዘልል ብለው በዚያው ቀጠሉ። መዝገብ ያዥ ያልሆነ ሰው ይህን ፈተና አያውቀውም። ሌላ ሰው ውሸቱ እንዳይታወቅበት ይፈራል፤ እሳቸው የፈሩት ረድፉ እንዳይበላሽ ነው።

እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት አለፈ፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሰባት። በሦስተኛው ዓመት ጎርፍ መጥቶ የመረማመጃውን መጨረሻ ዐሥር ሳንቃዎች ወሰደ። ማንም ልብ አላለም፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አልነበረምና። እሳቸው ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ በፀጉር አስተካካዩ ፊት ያልፉ ነበር፤ ሰዓታቸውን አንድም ቀን አላፋለሱም። ወደ ክፍላቸው ገብተው፣ ከነጩ ሣጥን ያነበቡትን ጽፈው፣ ከሱ አንድ ቀንሰው፣ ወደ ሐይቁ የሚያሳየውን መስኮት በመጋረጃ ጋርደው ይቀመጣሉ። ጸሎቷንም ያን ጊዜ ተዉ። ባልዲ በሌለበት ማድረሱ ማሾፍ መስሎ ታያቸው።

ስድስተኛው ዓመት ሲያልቅ የከተማው ምክር ቤት ስለ ሐይቁ አንድ አሳብ አመጣ። የሐይቁን ሰሜናዊ ግማሽ አድርቆ ለቤት መሥሪያ ቦታ ሊያከፋፍለው ፈለገ። ሥራው ክፉ ነው ማለት አይቻልም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበው የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ለዓመታት ሲለምኑ ኖረዋል። የብርቱካኑና የሎሚው አትክልተኞች ግን «ውሃው ሲያንስ ውርጭ አይገባብንም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ወጣት አጥኚ እንድታጣራ ተላከች። ለጥናቷ የውሃው ሙቀት መዝገብ ያስፈልጋት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሦስት ዓመታት መዛግብት በዋናው መሥሪያ ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ ጣሪያ አፍስሶባቸው፣ ገጹ ከገጹ ተጣብቆ የማይነበብ ሆኗል። ደርቆና ጸድቶ የተቀመጠው የሰባቱ ዓመት ብቻ ነው።

አጥኚዋ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ነበረች። ጋሽ ሰዓትን «አባባ» ትላቸው ነበር። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ላፕቶፗን በጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እሳቸው በተጠገነው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ስለ ውሃ ብዙ አጫወተቻቸው። ታላላቅ ባሕሮች የሞቃቱን አገር ሙቀት ተሸክመው ወደ ብርዱ አገር እንደሚያደርሱት፣ ከውሃ ላይ የሚነሣው እንፋሎት ሙቀትን ይዞ ወጥቶ ደመና ሲሆን በሰማይ እንደሚያራግፈው፣ ዝናብም በዚህ መንገድ እንደሚጓዝ ነገረቻቸው። ውሃ ባይኖር ኖሮ ቀኑ ያቃጥል፣ ሌሊቱም በብርድ ያደርቅ ነበር አለች። ጋሽ ሰዓት ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። የምትለው ሁሉ በመዳፋቸው የሚያውቁት ነበርና ደስ አላቸው፤ ለአፍታም ያደረጉትን ረሱ።

«ግን አባባ፣ የእናንተ ሐይቅ ጉድ ነው» አለቻቸው። «ሐይቅ ሳይሆን የሻይ ብርጭቆ ነው የሚመስለው። አየሩ ሲበርድ አብሮ ይበርዳል፣ ሲሞቅ አብሮ ይሞቃል። እስቲ ይንገሩኝ፣ በውርጭ ጠዋት ባልዲውን ሲያወጡ እጅዎን ነክረው ያውቃሉ?»

«እንዴታ» አሉ ወዲያው። «ጓንቴን አውልቄ ነው የምነክረው። ይሞቃል እኮ። ጣቴ የሚፍታታው እዚያ ነው።»

ልጅቱ ወደ ላፕቶፗ አየች። «መዝገቡ ግን ጠዋት ጠዋት ከአየሩ አንድ ዲግሪ ይቀዘቅዛል ነው የሚለው» አለች።

ያን ጊዜ ጋሽ ሰዓት ምን እንደ ተናገሩ ገባቸው። እውነቱ ሳያስቡት ከአፋቸው ወጥቶ በጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ መዝገቡም ከጎኑ አለ። አንዱን መካድ ነበረባቸው።

«የድሮውን እኮ ነው የማወራው፣ ልጄ» አሏት። «ሰው ሲያረጅ ትዝታውም ይሞቃል።»

ልጅቱ ሣቀች። እሳቸውም አብረው ሣቁ። «ከሠላሳ ዓመቱ ሁሉ ያ ሣቅ ነው የሚያቃጥለኝ» ይላሉ እስከ ዛሬ። ከዚያም ውሃውን ከመረማመጃው የት ላይ እንደሚቀዱ ጠየቀቻቸው፤ «ከጫፉ» አሉ። ሄዳ ልታየው ብትነሣም የመጣችበት መኪና በር ላይ ይጠብቃት ነበርና፣ እርጅናቸውንም አይታ አዘነችላቸውና ተወችው። አራት መቶ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ብትሄድ ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ይገለጥ ነበር። ቃላቸውን ትታ መዝገባቸውን አመነች፤ ሰባት ዓመት የተጻፈ ነገር ከአንድ ሽማግሌ ንግግር ይበልጣልና አልፈርድባትም። በሪፖርቷም ሐይቁ ሙቀት የማይይዝ ደካማ ውሃ እንደሆነ፣ ግማሹ ቢደርቅም በአካባቢው አየር ላይ የሚያመጣው ለውጥ እንደሌለ ጻፈች።

ሪፖርቱ ለሕዝብ የሚነበብበት ቀን ሐሙስ እንዲሆን ተወሰነ። ከንቲባውም በዚያው ስብሰባ ላይ ሠላሳ ዓመት አንድም ቀን ሳያጓድሉ ለመዘገቡት ለጋሽ ሰዓት የምስጋና ወረቀት እንደሚሰጥ አስነገረ።

በዚያ ሳምንት የሪፖርቱ ወሬ ቀድሞ የደረሰው የአትክልተኞቹ ሊቀ መንበር፣ ሰው «ባለ ብርቱካኑ» የሚለው፣ ወደ ቤታቸው መጣ። እኔም እዚያው ነበርሁ። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሲናገር ባርኔጣውን በእጁ የሚያዞር ሰው ነው። እንዳይፈራ የሚያደርግ አንድ ቃል ፈልጎ ነበር የመጣው። አባቱ የተከላቸው ዛፎች ከውሃው ዳር መሆናቸውን፣ ልጁም ዘንድሮ አዲስ ችግኝ ሊተክል መሬቱን ማዘጋጀቱን ነገራቸው። ጋሽ ሰዓት ወለሉን እያዩ «ሪፖርቱ እንዳለው ነው» አሉት።

«እንግዲህ ቁጥሩ የእርስዎ ከሆነ እኔ ምን አፍ አለኝ» አለ ባለ ብርቱካኑ። «ሌላ ሰው ቢሆን እከራከር ነበር።» እጃቸውን በሁለት እጁ ጨብጦ ወጣ። ጋሽ ሰዓት ያን እጃቸውን እንደ ተጨበጠ በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቀሩ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እኅቴ የሐሙሱን ሱሪ ትተኩስ ነበር። እሳቸው ከዘጠኝ ሰዓቱ ሥራ ተመልሰው በበሩ ገቡ። እኅቴ ካውያውን አቁማ የሱሪውን ጫፍ ገለበጠችና አሳየቻቸው።

«ይህን አየኸው?» አለች። «ድሮ በየሳምንቱ የዚህን ጫፍ ጭቃና የሐይቅ ዝቃጭ በብሩሽ ነበር የማሸው። ሰባት ዓመት ሆነው። ብሩሹ የት እንደ ገባም አላውቅም።»

ጋሽ ሰዓት ቆመው ቀሩ።

«ታውቂ ነበር?» አሏት።

«ልብስህን የማጥበው እኔ አይደለሁ? ዛሬ ትነግረኛለህ፣ ነገ ትነግረኛለህ እያልሁ ነው የኖርሁት። ልጅ አይደለህ ልቆጣህ።» ከዚያ ካውያውን አንሥታ ተኩሳ ጨረሰችው፤ አጥፋም ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

ሐሙስ ጠዋት ውርጭ ወርዶ ነበር። ጋሽ ሰዓት የተተኮሰውን ሱሪ ለብሰው፣ በሰዓታቸው በፀጉር አስተካካዩ ፊት አልፈው ወደ ግቢው ገቡ። ነጩን ሣጥን ከፍተው አነበቡ፤ አየሩ ሁለት ዲግሪ ነበር። ወደ ክፍላቸው ግን አልገቡም። የውሃውን ቴርሞሜትር ከመደርደሪያው አውርደው አቧራውን በካፖርታቸው ጠረጉና ወደ ሐይቁ ሄዱ። ባልዲው ሥሩ ዝጎ ተበስቷል፤ ስለዚህ ተዉት። እርምጃውን ሲቆጥሩ አራት መቶ ሃያ ስድስት ሆነባቸው። እርምጃቸው አጥሯል።

መረማመጃው ጫፍ አልነበረውም። የቀሩት ሳንቃዎች ላይ ሣር በቅሏል። ከመጨረሻው ሳንቃ ወዲያ ውሃው ብቻ ነበር፤ ጉሙም ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ይነሣ ነበር። ጋሽ ሰዓት ጫማቸውን አወለቁ። ሱሪያቸውን ሊሰበስቡ ጎንበስ አሉና ተዉት፤ እንደ ለበሱት በዳሩ በኩል ወደ ውሃው ገቡ። ውርጩ ያደነዘዘውን እግራቸውን ውሃው ሲነካው፣ ያኮረፈ ወዳጅ በር ከፍቶ የተቀበላቸው ያህል ሙቀቱ ተሰማቸው። እስከ ጭናቸው ድረስ ገብተው ቴርሞሜትሩን ነከሩ። ጸሎቷን ጀመሩ። መካከሏ ላይ ሲደርሱ ጠፋባቸው። ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ደግሞ ጠፋባቸው። ሦስተኛ ጊዜ ጀምረው ተዉትና ዝም ብለው ቆሙ። ፈጣሪ ያን ዝምታ እንደ ምን እንደ ቆጠረው እሱ ያውቃል።

ቴርሞሜትሩን ሲያወጡ ዐሥራ ሦስት ይል ነበር።

ወደ ክፍላቸው ተመልሰው፣ ከአምስት ሺህ የሚበልጡ የሐሰት ቁጥሮች በተጻፉበት ረድፍ መጨረሻ ላይ «13» ብለው ጻፉ። ረድፉ ተበላሸ። መዝገቡን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

ስብሰባው አራት ሰዓት ላይ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተጀመረ። እኔና እኅቴ ከኋላ ተቀምጠን ነበር። ሱሪያቸው ከጭናቸው በታች እርጥብ ሆኖ ሲገቡ ሰው ዘወር እያለ አያቸው፤ እኅቴም የእርጥቡን ጫፍ አየችና እጄን ያዘችኝ። አጥኚዋ ሪፖርቷን አንብባ ስትጨርስ ከንቲባው ስማቸውን ጠራ። ጭብጨባው ረጅም ነበር። የምስጋናው ወረቀት በመስታወት ተደርጎ በጠረጴዛው ላይ ይታያል።

ጋሽ ሰዓት ወደ መድረኩ አልወጡም። በመተላለፊያው መካከል ቆሙ።

«ወረቀቱን አልወስድም» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለነበር አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማቸው። «እዚህ የተነበበው የውሃ ቁጥር ውሃ ነክቶ አያውቅም። ከአየሩ ላይ አንድ እየቀነስሁ ነው የጻፍሁት። ሰባት ዓመት። ይህች ልጅ አላጠፋችም፤ ስትጠይቀኝም ዋሽቻታለሁ። ዛሬ ጠዋት ገብቼ ለካሁት። አየሩ ሁለት፣ ውሃው ዐሥራ ሦስት ነው። ሐይቁ ደካማ አይደለም። ደካማው እኔ ነኝ። ዐይኔን በጨው አጥቤ በመካከላችሁ ኖሬአለሁ።»

መጀመሪያ የተናገረው ፀጉር አስተካካዩ ነው።

«ታዲያ ሰባት ዓመት በሱቄ ፊት ሲያልፉ ወዴት ነበር የሚሄዱት?»

«ወደ ወንበሬ።»

«እኔስ ሰዓቴን በማን ነው ስሞላ የኖርሁት?»

ሰው ሣቀ። ከኋላ አንዱ «ጋሽ አንድ ሲቀነስ!» ብሎ ጮኸና ሣቁ በረታ። ጋሽ ሰዓት አልተቆጡም፤ ሣቁ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ። ያ ግን ቀላሉ ነበር።

ሣቁ ሲበርድ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሕፃን ያቀፈች፣ ከመካከል ተነሣች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም።

«አባቴ» አለች፣ «እኔ አምስት ልጅ በአንድ ክፍል ይዤ ነው ይህን ቀን የጠበቅሁት። ቦታው ዛሬ ይታደላል ተብዬ ነው የመጣሁት። እሺ፣ ብርቱካኑ ይዳን። ቀድሞ እውነቱን ቢናገሩ ኖሮ ግን ከዓመት በፊት ሌላ ቦታ ይፈልጉልን ነበር። ለእኔስ ምን ይሉኛል?»

ጋሽ ሰዓት በሐሰት ቁጥር የሚጎዳው ማን ነው ብለው በዚያች በመጀመሪያዋ ቀን ጠይቀው ነበር፤ መልሱ ሕፃን አቅፎ በፊታቸው ቆሟል። እንዲያ ሆነው ሳያቸው መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው የመረጡ ይመስሉ ነበር። አጥኚዋ ከመድረኩ ላይ ሆና «መረማመጃውን ሄጄ ማየት ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው» ስትል ፊቷ ገርጥቶ ነበር። ባለ ብርቱካኑ ባርኔጣውን እያዞረ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። የዳነው እሱ ነው፤ ደስ ሲለው ግን አላየሁም።

ምክር ቤቱ ጉዳዩን በአንድ ዓመት አስተላለፈው፤ ውሃው በእውነት እስኪለካ ድረስ። ጋሽ ሰዓትን ከሥራቸው የሚያሰናብት ደብዳቤ በሳምንቱ መጣ። በእሳቸው ቦታ ፈጣን እግር ያላት አዲስ መዝጋቢ ተቀጠረች። ዓመቱ ሲሞላ ቁጥሩ የአትክልተኞቹን ስጋት ትክክለኛነት አረጋገጠ፤ በብርዱ ወራት ጠዋት ውሃው ከአየሩ በዘጠኝ፣ በዐሥር፣ አንዳንዴም በዐሥራ ሁለት ዲግሪ ይሞቅ ነበር። ሐይቁ እንዳለ እንዲቆይ ተወሰነ። የቤት መሥሪያ ቦታውም ከከተማው በስተጀርባ ባለው ኮረብታ ላይ ተሰጠ። ልብስ ሰፊዋ ከደረሳቸው አንዷ ናት፤ ቦታው ግን ከገበያውም ከውሃ ቧንቧውም ይርቃል፤ ያን አንድ ዓመትም በዚያችው ክፍል ነው ያሳለፈችው። ጋሽ ሰዓት መንገድ ላይ ሲያገኟት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ያሳልፏታል። እሷም ሰላምታቸውን ትመልሳለች፤ አትቆምም።

የተሰናበቱ ዕለት ለምክር ቤቱ አንድ ማመልከቻ ጻፉ። የጠየቁት የመረማመጃውን ሳንቃ በራሳቸው እጅ እንዲጠግኑ ፈቃድ ብቻ ነው። በመጀመሪያ የከለከሏቸው ነበሩ፤ በኋላ ተዉአቸው። ብርዱ ሲብስ ጉልበታቸው እያመማቸው፣ ወገባቸው ድረስ በውሃ ውስጥ ቆመው ምሰሶ ሲያስተካክሉ በሐይቁ መንገድ የሚያልፍ ሰው ያያቸው ነበር። «ጋሽ አንድ ሲቀነስ፣ ስንት ሳንቃ ቀረ?» ብሎ የሚቀልድባቸው አይጠፋም። ቁጥሩን በትክክል ይነግሩታል። እኅቴ ብሩሹን ከዕቃ ሣጥን ሥር አገኘችው፤ የሱሪውን ጫፍ እንደ ድሮው ማሸት ጀመረች።

ዐሥረኛው ሳንቃ ከተመታ ስምንት ወር ሆኖታል። በየጠዋቱ ለአሥራ ሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጋሽ ሰዓት ከቤታቸው ይወጣሉ፤ በፀጉር አስተካካዩ ፊት ግን አያልፉም፤ በኋላ ባለው መንገድ ዞረው ይወርዳሉ። አዲሷ መዝጋቢ ባልዲዋን ይዛ በመረማመጃው ላይ እስከ ጫፉ ድረስ ትሄዳለች። እሳቸው ከዳሩ ቆመው ይጠብቋታል። ስትመለስ አየሩ ስንት፣ ውሃው ስንት እንደሆነ ትነግራቸዋለች፤ ያመሰግኗትና ይመለሳሉ።

ራሳቸው በመቱት ሳንቃ ላይ እስከ ዛሬ እግራቸውን አላሳረፉም። እሷ አንድ ቀን «አባባ፣ ይምጡ እንጂ፣ ጠንካራ ነው እኮ» አለቻቸው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሏት፤ ከቆሙበትም አልተነቃነቁም።